ለሳምንታዊው የሙዚቃ ሰዓት አዘጋጅ ምስጋና

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሳምንታዊውን የሙዚቃ ሰዓት የሚመሩትን አዘጋጅ በእናንተ በኩል ማመስገን እንወዳለን። ሥራው ዘፈን መክፈት ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ ያረግበዋል፤ ድምፁ ይታፈናል። እሳቸው አዝማሪውን ቀደም ብለው ያስጠሩና ቆዳው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ ቅኝቱ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው። ማይክሮፎኑን ከማሲንቆው አንድ ክንድ ያህል ያርቁታል፤ ከቀረበ የጭራው መፋተግ ዜማውን ይውጠዋል። ለዋሽንት ደግሞ ትንፋሹ እንዳይመታው ወደ ጎን ያዞሩታል። ከትዝታ ቅኝት ወደ አምባሰል ቅኝት ሲታለፍ ክራሩ እንደገና መቃኘት አለበት፤ ያቺን ክፍተት በጨዋታ ይሞሏታል (ጨዋታቸውም አይሰለችም)። ቅር የሚለን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዘፈኑን ማብቂያ በማስታወቂያ መቁረጥ ቢቀር።

የባሕር ዳር አድማጮች