21 በመቶው ጅማ አልደረሰም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በወጣው የበጀት ትንታኔያችሁ፣ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ከ21 በመቶ በላይ ስላደገ ወረዳዎችና ከተሞች የገንዘብ እጥረትን ሰበብ ሊያደርጉ አይገባም ማለታችሁን አንብቤ እጅግ አዝኛለሁ። ጅማንም በምሳሌነት ጠቅሳችኋል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያ ቁጥር የድጎማው ሳይሆን የጠቅላላው የፌዴራል በጀት ዕድገት ነው። በ2016 በጀት ዓመት 801.65 ቢሊዮን ብር የነበረው በጀት ለ2017 መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኗል፤ 21 በመቶው የተገኘውም ከዚሁ ነው። ለክልሎች የተመደበው ድጎማ ግን ከ214 ቢሊዮን ወደ 222.7 ቢሊዮን ብር ገደማ ከፍ አለ፤ ይህም 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የዋጋ ንረት በሁለት አሃዝ ይቆጠር በነበረበት በዚያ ወቅት 4 በመቶ ጭማሪ ማግኘት በተግባር መቀነስ ነበር። ጠቅላላ በጀቱንም ድጎማውንም የያዘው የበጀት አዋጅ በእጃችሁ እያለ አንዱን ብቻ ማንበብ ከአንድ የዜና ተቋም የማይጠበቅ ግድየለሽነት ነው።

ደግሞም ያ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጅማ አይመጣም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ለክልሉ ይደርሰዋል፤ ክልሉም በራሱ ቀመር ለየወረዳውና ለየከተማው ያከፋፍላል። ወረዳዎች ራሳቸው የሚደለድሉትን ጥቅል በጀት ማግኘት ከጀመሩበት ከ1990ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ በጅማ ዞን ወረዳዎች በበጀት ሥራ ላይ ስቆይ በየዓመቱ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ሠራተኛው ደመወዝ ይያዛል፣ ለሥራ ማስኬጃና ለካፒታል የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ነው። የከተማ ውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይና ቆሻሻ ማንሣት ደግሞ በአብዛኛው የሚሸፈኑት ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው የሊዝ፣ የኪራይና የአገልግሎት ገቢ ነው። በሂርማታ በኩል በምኖርበት ሰፈር ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ቤታችን ይገባል፤ ቦዩን ለማስጠረግ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቷል፣ እኔም ከጡረታዬ ከፍያለሁ። ዘጋቢያችሁ ግን አንድም የሰፈራችንን ሰው ሳያነጋግር ድጎማው ባክኗል ብሎ ፈረደብን።

ጽሑፉ በወጣ በማግሥቱ በዕድራችን ስብሰባ ላይ፣ ለዓመታት የማከብራቸው አንድ አባት ጋዜጣችሁን ይዘው «ልጄ፣ ያን ሁሉ ብር ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ። አንድ ሳንቲም ሳልነካ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በጎረቤቶቼ ፊት እንዲህ ተብዬ መጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ብክነት የለም እያልኩ አይደለም፤ ባየሁበት ጊዜ በጽሑፍ ተቃውሜያለሁ። ብክነትን ለማጋለጥ ግን ለወረዳው የደረሰውን ብር ትክክለኛ መጠን ማወቅ ይቀድማል። እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ የክልሎች ድጎማ ከጠቅላላ በጀቱ ተለይቶ እንዲታይ አድርጋችሁ እንድታወጡልን እጠይቃለሁ፤ ለዕድራችን አባላት አንብቤ የማሰማውም ያንኑ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የወረዳ በጀት ባለሙያ፣ ከጅማ