የወፍጮ ንዝረት በጎማ ቁራጭ ብቻ አይገታም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቃሊቲ ዳር ካለው ቤቴ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ወፍጮ በተነሳ ቁጥር ቡፌው ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች እየተጋጩ ይንጫጫሉ። ባለቤቱ ቅን ሰው ናቸውና አሮጌ ጎማ ቆርጠው ከማሽኑ እግር ሥር አነጠፉ፤ ንዝረቱ ግን ባሰ። ጎማ ንዝረትን የሚቀንሰው የማሽኑ የግፊት ድግግሞሽ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚገፋ)፣ ማሽኑ በጎማው ላይ ካለው የተፈጥሮ ድግግሞሽ (አንዴ ተገፍቶ ሲለቀቅ በራሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ) ከ1.41 እጥፍ በላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሁለቱ ከተቀራረቡ ንዝረቱ ይጎላል። በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ድንጋይ በሰከንድ 10 ጊዜ ስለሚገፋ፣ የተፈጥሮ ድግግሞሹ በበቂ ዝቅ እንዲል ጎማው በማሽኑ ክብደት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተጨመቀ ፋይዳ የለውም። ከሁሉ በፊት ግን ድንጋዩ ሚዛኑን መጠበቁ ይረጋገጥ፤ የተዛባ ድንጋይ የሚፈጥረው ግፊት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋልና። ፈቃድ የሚሰጠው አካል የማሽን ተከላን በባለሙያ እንዲያስፈትሽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የቃሊቲ ነዋሪ