ኪስህ ውስጥ ስላለችው ክኒን

ለምናፍቅህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ በርበሬ ልካልሃለች።

በስልክ እንዳልነግርህ «እሺ አባ፣ እሺ» እያልህ ትዘጋብኛለህ። ባለፈው መጥተህ ስትመለስ እናትህ ከረሳኸው ጃኬት ኪስ ውስጥ ክሎርፌኒራሚን የሚባለውን የአለርጂ ክኒን አገኘች፤ ግማሹ ተውጧል። ከልጅነትህ ጀምሮ አምባዛ ዓሣ በበላህ ቁጥር ገላህ ሳማ እንደለበለበው ይነፋ ነበር፤ አሁንም እንዳልለቀቀህ ያኔ ገባኝ። ክኒኗን አልጠላሁብህም። እሷን ውጠህ መሪ መጨበጥህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ይህን ለእናትህ እንኳ እስከ መጨረሻው አልነገርኋትም። አንተ ስድስተኛ ክፍል ሳለህ፣ በጥቅምት፣ ዘጌ ወደብ ላይ መንገደኛ ስጠብቅ ንብ አንገቴን ነደፈችኝ። ወዲያው ደረቴና ክንዴ በሽፍታ ተሞላ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ፕሮሜታዚን የሚባል ሌላ የአለርጂ ክኒን ሰጠኝ። አንዷን ዋጥሁ፤ ማሳከኩ አልተው ሲለኝ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ደገምሁ። ከዚያ በጀልባዬ ስምንት ሰው ጭኜ ወደ ባሕር ዳር ተነሣሁ።

እንቅልፍ እንቅልፍ እንኳ አላለኝም። የሞተሩን እጀታ ይዣለሁ፣ ውኃው ያብለጨልጫል፣ ደብረ ማርያም ከሩቅ ትታየኛለች። ቀጥሎ የማስታውሰው የሴት ጩኸት ነው። የጀልባዋ አፍንጫ ደንገሉ ውስጥ ተሰክቷል። ከጎናችን፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ መቅዘፊያውን እንዳነሣ ደርቆ ቀርቷል። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ አንዲት ፋርማሲስት አስረዳችኝ። ገላን የሚያሳክከው ሂስታሚን የሚባለው ነገር አንጎል ውስጥ ደግሞ የሚያነቃን እሱ ነው አለችኝ። እነ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳይፌንሃይድራሚን አንጎል ድረስ ዘልቀው ስለሚገቡ ማሳከኩን ሲያጠፉ ንቃቱንም አብረው ያጠፋሉ። የዋጠው ሰው ግን ነቅቻለሁ ብሎ ያስባል። የኔም ነገር ይኸው ነበር። ማታ የዋጥሃት ጠዋትም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀችህም፤ አንተ ደግሞ ጠዋት የአባይ በረሃን ቁልቁለት ትወርዳለህ። ጠላም ሆነ አረቄ ከሷ ጋር አይገናኝ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይጨምራል።

የክሎርፌኒራሚን ልክ ለአዋቂ 4 ሚሊግራም ነው፣ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ፤ በቀንና ሌሊት ተደምሮ ከ24 ሚሊግራም አያልፍም። ብዙ የጉንፋን ክኒንም ያችኑ በውስጡ ስለሚይዝ ሳታውቅ ትደርባለህ። አያትህ ጉንፋን ይዟቸው እንዲህ ሲደራርቡ ሌሊት ቤቱ ጠፍቷቸው በረንዳ ላይ አግኝተናቸዋል፤ ሽንትም አልወጣ ብሏቸው ነበር። እህትህንም ንገራት፤ ሕፃኑ በመንገድ እንዲተኛላት ብላ ሲሮፕ እንዳትሰጠው። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

አሁን የምነግርህን ለረዳትህም አንብብለት። ምላስህ ወይም ጉሮሮህ ካበጠ፣ ድምፅህ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ራስህን አዙሮ ሊጥልህ ካለ፣ ነገሩ ከክኒን በላይ ሆኗል። ክኒን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊትም አያነሣም። የሚያድንህ ጭንህ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ነው። መኪናዋን ዳር አስይዝና ሌላ ሰው ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይውሰድህ። ክኒኗን ውጠህ ድክም ካልህ «መድኃኒቱ ነው፣ ይተኛ» ብለው እንዳይተዉህ፤ መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። ከተወጋህ በኋላም ተሻለኝ ብለህ ወዲያው አትውጣ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

በርበሬው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ሎራታዲን የሚባል ሌላ የአለርጂ ክኒን ታገኛለህ። ያችኑ ፋርማሲስት ጠይቄ የገዛሁት ነው፤ 10 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ። አብዛኛውን ሰው አያስተኛም፤ አንተ ግን መጀመሪያ መኪና በማትነዳበት ቀን ሞክረው። ክሎርፌኒራሚኗን እኔ ዘንድ አስቀርቻታለሁ። አምባዛውንም ተወው፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣም ቢሆን ሐኪም ሳያይህ አትንካ፤ እናትህ ሽሮ ትሠራልሃለች።

አባትህ
ባሕር ዳር