ሲሚንቶ ለእንጨት ቤት መድኃኒት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በእንግሊዝ አገር ስለ ዮርክ ከተማ የድሮ የእንጨት ቤቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ መልካም ነበር። ሁለት ነገር ግን መታረም አለበት። አንደኛው ደርባቸው ወደ መንገድ የወጣው ግብር ለመሸሽ ነው መባሉ፣ ሁለተኛው በሲሚንቶ መለሰናቸው እንደ እድሳት መቆጠሩ ነው። ይህ ሁለተኛው ስሕተት ቤት ያፈርሳል።

በጉድራምጌት መንገድ ያለውን ሌዲ ሮው የተባለ የቤት ረድፍ እንውሰድ። በ1316 እ.ኤ.አ. በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዳር የተሠራው ኪራዩ ለእመቤታችን መሠዊያ አገልግሎት እንዲውል ነው። እያንዳንዱ ቤት ታች አንድ፣ ላይ አንድ ክፍል ነበረው፤ ታቹ ዛሬም ሱቅ ነው። ደርቡ ወጣ ያለው የወለሉ አግዳሚዎች ከታችኛው ግድግዳ አልፈው ስለተዘረጉ ነው። የላይኛው ግድግዳ ጫፋቸውን ሲጫን፣ ቤት ውስጥ ያለው መሃላቸው እንዳይሰረጉድ ያግዛል። ክፍሉም ይሰፋል፣ የሱቁ መስኮትም ከዝናብ ይጠለላል። የሥጋ ሻጮች መንገድ በነበረው ሻምብልስ ደግሞ ይኸው ጥላ ሥጋውን ከፀሐይ ይጋርድ ነበር፤ ሥጋ ይዘረጋበት የነበረው ሰፊ የመስኮት መደብና መንጠቆው ዛሬም በአንዳንዶቹ ላይ ይታያል።

እንጨቱ ኦክ የተባለ ጠንካራ ዛፍ ነው፤ እርጥብ ሳለ ይጠረባል፣ ከደረቀ እጅ አይሰጥምና። የአንዱ እንጨት ቀጭን ምላስ (ወንዴው) በሌላው በተቦረቦረው ጉድጓድ (ሴቴው) ውስጥ ከገባ በኋላ በእንጨት ችንካር ይያዛል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፦ የወንዴው የችንካር ቀዳዳ ከሴቴው ቀዳዳ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ሆን ተብሎ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው፣ ማለትም ወንዴው ወደሚጀምርበት ሥር፣ ይጠጋል። ሾጣጣው ችንካር ሲመታ ሁለቱን ስቦ ያጣብቃል። ችንካሩም በመጋዝ አይቆረጥም፣ ይፈለጣል፤ ጭረቱ ሳይቋረጥ ከዳር እስከ ዳር ከሄደ አይሰበርም።

በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኦክ ፍልጥ ይቆማል፣ ሄዘል ከተባለ ዛፍ የተቆረጠ ቀጭን ዘንግ እንደ ማገር ይጠላለፍበታል፣ ከጭድና ከእበት ጋር የተቦካ ጭቃ ከሁለቱም ጎን ይመረጋል፤ በላዩ ኖራ።

ይህ ግድግዳ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮ ስለማይሄድ ዳሩ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይከፈታል። የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል። ቀድሞ የሚበሰብሰው የቋሚው እግርና የታችኛው አግዳሚ ነው፣ ሴቴው ጉድጓድ ውሃ ያቁራልና። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ መበስበስ ይጀምራል። ልስኑ ከውጭ ደህና ስለሚመስል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ወለሉ ሲዘም ነው።

ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲሚንቶው በማሽን ሳይሆን በእጅ መሮ ይነሳ፤ እንጨቱ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። የበሰበሰው ብቻ ጤነኛው እስኪገኝ ተቆርጦ በኦክ ይቀጠል። ብሎን ካስፈለገ የማይዝግ ይሁን፤ የኦክ አሲድ ተራ ብረትን ይበላል። ልስኑ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ ሆኖ በስሱ ተደራርቦ ይለሰን፣ ውርጭ ባለበት ወራት ግን አይሞከር። ቀለሙም የኖራ እንጂ የፕላስቲክ አይሁን።

እንግሊዝ አገር እንዲህ ባለ ቤት ሱቅ የተከራዩ አንባቢዎቻችሁም ይህን ይወቁ፦ በቅርስነት የተመዘገበን ቤት መልክ ያለ ፈቃድ መለወጥ በወንጀል ያስጠይቃል። ልስን ከመንካታቸው በፊት ወደ አካባቢው ምክር ቤት ሄደው የቅርስ ጥበቃ ባለሙያውን ይጠይቁ።