ለብሩኬ፣ ስለ ትንሹ ፔፕታይድ

ብሩኬ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ? ዝምታው የሁለታችንም ነውና አንወቃቀስ። አራት ኪሎን አሁን ብታያት መንገዱ ሰፍቶ፣ የለመድካቸው ሱቆች ፈርሰው ግራ ትጋባለህ።

ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ነድፈህ እዚህ ልትለካው ማሰብህ ደስ ይላል። ብቻ የመፈታት ሙቀቱን፣ ማለትም የታጠፈው ቅርጹ የሚፈታበትን ሙቀት፣ ቁጥር አይተህ እንዳትዘናጋ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተነደፈውን ትሪፕ-ኬጅ የተባለ ፔፕታይድ ውሰድ። መነሻው ከአንድ መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ የተገኘው ኤክሰንዲን-4 ነው። 20 አሚኖ አሲድ ብቻ ይዞ፣ ፕሮሊን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ትሪፕቶፋን የተባለውን ከበው፣ በ4 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይታጠፋል። የመፈታት ሙቀቱ 42 ዲግሪ ነው ሲሉህ ጠንካራ ይመስልሃል፤ እዚያ ላይ ግን ግማሹ ተፈቷል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ደግሞ እንደ ትልቅ ፕሮቲን ድንገት አይፈታም። ኩርባው ዝርግ ስለሆነ በ37 ዲግሪም ታጥፎ የምታገኘው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለው ነው።

ስትለካ ዱቄቱን መዝነህ መጠኑን አትወስን፤ ከማጣሪያው የቀረው ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድና ውሃው አብረው ይመዘናሉ። በ280 ናኖሜትር ለካው፦ ብርሃን የመምጠጥ ቁጥሩን ለእያንዳንዱ ትሪፕቶፋን 5500፣ ለእያንዳንዱ ታይሮሲን 1490 አስላ። ለሲርኩላር ዳይክሮይዝም (መታጠፉን በብርሃን ለሚለካው ዘዴ) 10 ሚሊሞላር የፎስፌት በፈር፣ 1 ሚሊሜትር ኩቬት (የናሙና መያዣ)፣ ከ20 እስከ 50 ማይክሮሞላር ፔፕታይድ ይበቃል። ጨው ካስፈለገህ ሶዲየም ፍሎራይድ አድርገው። ክሎራይድ ከ200 ናኖሜትር በታች ብርሃኑን ይውጥብሃል።

ሌላው የከፍታችን ጣጣ ነው። መጽሐፉ እስከ 95 ዲግሪ አሙቅ ይልሃል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በፊትም አረፋ ኩቬቱ ላይ ተለጥፎ ምልክቱን ያዘልለዋል። በፈሩን በቫኪዩም አየሩን አስወጣለትና 85 ላይ አቁም። ፔፕታይድህ ከ70 በላይ የሚፈታ ከሆነ የላይኛውን መስመር (ሙሉ በሙሉ ሲፈታ የሚሰጠውን ምልክት) አታገኘውም፤ ጥቂት ጓኒዲን (ቅርጹን የሚፈታ ኬሚካል) ጨምረህ የመፈታት ሙቀቱን ወደ ታች አውርደው እንጂ ያልታየውን በግምት አትቀጥል።

ከዚያ በበፈሩ ውስጥ ያለውን የፔፕታይድ መጠን አሥር እጥፍ አሳድገህ ድገመው። የመፈታት ሙቀቱ ከፍ ካለ የለካኸው ብቻውን የታጠፈ ፔፕታይድ አይደለም፤ እርስ በርሱ ተያይዟል።

በጣም የምፈራልህ ግን ማጠፊያውን ነው። ለቤታ ሄርፒን (ሰንሰለቱ እንደ ፀጉር ማስያዣ ታጥፎ ለሚመለስበት ቅርጽ) አስፓራጂን–ግላይሲን ግሩም መታጠፊያ ነው፤ ሁሉም የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ይኸው ጥንድ ግን በገለልተኛ ፒኤች፣ በተለይ ሲሞቅ፣ አሞኒያውን አጥቶ ወደ አስፓርቴትና ወደ አይሶአስፓርቴት ይለወጣል። ሁለተኛው ዙር ማሞቂያ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም ሲልህ "ተጣብቆ ነው" ብለህ አትለፈው። ከማሞቅህ በፊትና በኋላ ማሱን (የሞለኪዩሉን ክብደት) አስለካ፤ 1 ዳልተን ከጨመረ የተለወጠው ኬሚስትሪው ነው። መውጫው ዲ-ፕሮሊን (የተለመደው ፕሮሊን የመስታወት ምስል)–ግላይሲን ነው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ማጠፊያነቱ አያንስም።

አልፋ ሂሊክስ (እንደ ጥቅልል የተጠመዘዘ ቅርጽ) ከሆነ ያሰብከው፣ ጫፎቹን በአሴታይልና በአማይድ አዘጋልኝ፤ ክፍት የቀሩት ቻርጆች ጥቅልሉን ከሁለቱም በኩል ይፈቱታል። ሴኩዌንሱን (የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል) ከማዘዝህ በፊት ላክልኝ፣ እናየዋለን።

ያው ወዳጅህ