ዶንግሉ በሊኑክስም ይሠራል፤ ካርቶኑ ላይ ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ። የቤተ ሙከራችን ማሽኖች ያረጁ ስለሆኑ ሁሉም ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ የሊኑክስ ሲስተም ጭነናል። ድሮ በዊንዶውስ ሲሠሩ በየፍላሹ በሚመጣ ቫይረስ እየተያዙ ፎርማት ስናደርግ ነበር የምንውለው፤ ከዚያ ተገላግለናል። የቀረን ጣጣ ኢንተርኔት ነው። ገመድ ስላልገባልን የምንጠቀመው በዩኤስቢ ዶንግል፣ ማለትም ሲም ካርድ ገብቶበት ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ ትንሽ ሞደም ነው።

ባለፈው ወር አዲስ የ4ጂ ዶንግል ልገዛ ሱቅ ገባሁ። በሊኑክስ ይሠራል ወይ ብዬ ስጠይቅ ልጁ "ጋሼ፣ ይሄ ለዊንዶውስ ነው" አለኝ። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት፤ እውነትም ከዊንዶውስና ከማክ ሌላ የተጻፈ የለም። ለማንኛውም ብዬ ገዛሁት።

ስሰካው ስክሪኑ ላይ የሲዲ ምልክት ወጣ። ሞደም የለም። ሲዲውን ስከፍተው ውስጡ ያለው የዊንዶውስ መጫኛ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን የሚመልስ ሰው አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን እንደሚመስለው አይደለም። እነዚህ ዶንግሎች የዊንዶውስ ተጠቃሚ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያንቀሳቅስ የሚያስችለው ፕሮግራም) ፍለጋ እንዳይንከራተት ሲባል መጀመሪያ ራሳቸውን ሲዲ አስመስለው ነው የሚቀርቡት። ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ "በል አሁን ሞደም ሁን" የሚል ትእዛዝ ይደርሳቸዋል። ሊኑክስ ላይ ይህንን ትእዛዝ የሚልክ ዩኤስቢ-ሞድስዊች የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ብዙ ጊዜ ትእዛዙ "ሲዲውን አውጣ" ከማለት አያልፍም። የእኔም በዚሁ ተቀየረ።

ቀጥሎ ያለው ነው ያናደደኝ። ማንኛውም የዩኤስቢ ዕቃ ሁለት መለያ ቁጥር አለው፣ አንዱ የአምራቹ፣ አንዱ የሞዴሉ። ከርነል በሚባለው የሊኑክስ እምብርት ውስጥ ደግሞ ኦፕሽን የሚባል ድራይቨር አለ። ስሙን ያገኘው ኦፕሽን ከሚባለው የቤልጂየም ኩባንያ ካርዶች ነው፤ ዛሬ ግን የስንቱን አምራች ሞደም ያንቀሳቅሳል። ፋይሉን ከፍቶ ላየ ሰው አብዛኛው የመለያ ቁጥር ዝርዝር ነው። የእኔ ዶንግል ቁጥር እዚያ ውስጥ አልነበረም። የጎደለው ይኸው ነው፣ አንድ መስመር! ቁጥሩን በእጄ ስሰጠው ወዲያው ሲሙን አገኘው፣ ኤፒኤኑን (የሞባይል ኢንተርኔቱን መግቢያ ስም) ሞላሁ፣ ብልጭ ድርግም ስትል የነበረችው መብራት ቀጥ ብላ በራች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ግን ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳዋል። ቁጥሩ ከርነሉ ውስጥ መግባት አለበት፣ ያኔ የእኔ ብቻ ሳይሆን ያንን ዶንግል የገዛ ሰው ሁሉ ችግር ይፈታል። ሥራው ነፃ ነው፤ ማንም ስሙን ፈርሞ ማስተካከያውን ለከርነሉ አዘጋጆች መላክ ይችላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ዶንግል ውስጥ ብዙ ወደቦች መኖራቸው ነው። አንዱ ትእዛዝ ይቀበላል፣ አንዱ ለምርመራ ነው፣ አንዱ የኔትወርኩ፣ አንዱ የሚሞሪ ካርዱ። ኦፕሽን የኔትወርኩን ወደብ ከያዘው ሌላው ድራይቨር ቦታ ያጣል፣ መስመሩም አይሠራም። የትኛው ወደብ የትኛው እንደሆነ እኛ የምናውቀው እየነቀልን እየሰካን ነው። አምራቹ ግን ጠረጴዛው ላይ አለው።

ስለዚህ ዶንግል አስመጥታችሁ ለምትሸጡ ድርጅቶች ጥያቄዬ ይህ ነው። በሺዎች ከማዘዛችሁ በፊት አንዱን ናሙና ኡቡንቱ ላይ ሰክታችሁ እዩት። ካልሠራ አምራቹ የመለያ ቁጥሩንና የወደቦቹን ዝርዝር ወደ ከርነሉ እንዲልክ ጠይቁ፤ እኔ አንድ ዶንግል የገዛሁት ሰውዬ ብጠይቀው ማን ይሰማኛል፣ እናንተን ግን ይሰማል። ከሠራ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ጻፉት፣ የሱቁ ልጅም ይወቅ። ከሁሉ የሚሻለው ኤምቢም የሚባለውን፣ ሞደም ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበትን የጋራ ደረጃ የሚከተሉትን መምረጥ ነው። ሊኑክስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይደግፈዋል፣ የእያንዳንዱን ሞዴል ቁጥር እያሳደዱ ማስገባት አያስፈልግም።

ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶችም ብትሆኑ ጨረታ ስታወጡ "ተጨማሪ ድራይቨር ሳይጫን በሊኑክስ የሚሠራ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ዋጋ አትጨምርባችሁም። ያረጀ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት እኛ ብቻ አይደለንም፣ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ በዶንግል ምክንያት ልጆች ኢንተርኔት ሳያዩ ሲቀሩ ያሳዝናል።

የእኛን ማስተካከያ ባለፈው ሳምንት ልከነዋል። መግለጫውን የጻፉት ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። በማግስቱ መልስ መጣላቸው፤ የወደቦቹን ሙሉ ዝርዝር ጨምራችሁ እንደገና ላኩ ተባሉ። ሰኞ ቤተ ሙከራው ሲከፈት ይልኩታል።

አክባሪያችሁ፣
የኮምፒውተር አስተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን