ስለ አያቴ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ብረት እድሳት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የአያቴ ጠመንጃ ብረት እንዴት እንደሚታደስ የጠየቁኝ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ጽፌ ልኬልዎታለሁ። እጁን የሚያሠራው ታናሼ ነው፤ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው እያነበቡ ያሠሩት።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ ደብረ ማርቆስ ወርደው ለብረት ሠሪ እንዳይሰጡት ነው። ግራይንደር ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ያብለጨልጨዋል፤ ነገር ግን ስለታም ጠርዞቹን ያደነዝዛል፣ የብሎኖቹን ዙሪያ ያጎደጉዳል፣ ጽሑፉንና ቁጥሩን ይልጣል። ቁጥሩ ደግሞ በፈቃድዎ ላይ የተጻፈው ነው። በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የሚጠየቁት በዚያ ስለሆነ፣ ሥራው ሳይጀመር ፈቃዱን ወደ ሰጠው ፖሊስ ሄደው ብረቱን ማስጠቆር እንደሚፈልጉ ይንገሩ።

በፋብሪካ እንደሚደረገው በትኩስ ጨው ላጥቁርልዎ የሚል ቢመጣም እሺ አይበሉት። ያ ዘዴ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት በ140 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላበት ነው። ለባለ አንድ አፍ ጠመንጃ መልካም ነው። የእኛን ግን ሁለቱን በርሜሎች ጎን ለጎን ያያዛቸው፣ ከላይና ከታች በመካከላቸው የተጋደመውንም ዝርግ ብረት የለጠፈው ስታኞ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ስታኞን ይበላል፤ በዝርጉ ሥር የገባው ጨውም ታጥቦ ስለማይወጣ ከውስጥ ሆኖ ብረቱን ለዓመታት ያዝገዋል። ለባለ ሁለት አፍ የሚሆነው የጥንቱ መንገድ ነው፦ ብረቱን በልክ አዝጎ፣ ዝገቱን አፍልቶ ማጥቆር።

መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በሁለቱም በኩል በዓይንም በጣትም ፈትሹ። የፊቱን የእንጨት መያዣ አውጥታችሁ በርሜሉን ከአካሉ ለዩ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አትፍቱ። የድሮ ብሎን ስንጥቁ በጣም ጠባብ ስለሆነ ተራ ካቻቢቴ ያበላሸዋል። በርሜሉን ከሥሩ ባለው መንጠቆ በገመድ አንጠልጥሉና በእንጨት ቀስ ብላችሁ ምቱት። እንደ ደወል ከጮኸ ስታኞው ደኅና ነው። ከተንኮሻኮሸ ወይም ድምፁ ከታፈነ አንድ ቦታ ለቋልና የፈላ ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሥራው ይቁም።

ከበርሜሉ ሥር ያለውን ማኅተምም እዩ። በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላትና ኮከብ ካሉ የቤልጅየሟ የሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ምልክት ነው። ከላዩ ዘውድ ካለ ከ1893 (እንደ ፈረንጆቹ) ወዲህ የተፈተሸ ነው። ይህን ማኅተም ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው።

አሮጌውን ቀለም ለማስለቀቅ በርሜሉን በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠቅልሉት፤ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። በዚህ ጊዜ ብረቱ ላይ የተጠማዘዘ ሐረግ የመሰለ መስመር ከታየ በርሜሉ ከብረትና ከአረብ ብረት ዘንጎች ተጠምዝዞ የተሠራ ዳማስቆ ነው። እንደዚያ ከሆነ ቁሙና ደውሉልኝ፤ አጨራረሱ ሌላ ነው፣ በአሁኑ ዘመን ጥይትም አይተኮስበትም።

መፋቂያው ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በ220 ቁጥር ጀምራችሁ በ320 አልፋችሁ በ400 ጨርሱ። ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ሁልጊዜ በቁመቱ ሳቡ፤ በጣት ብቻ ከተፋቀ ብረቱ ይጎረብጣል። ከ400 በላይ አትሂዱ፤ ብረቱ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ዝገቱ አይዝለትም። ጥልቅ የዝገት ጉድጓድ ካለ ተዉት። እሱን ለማጥፋት ሲባል የበርሜሉ ግድግዳ ይሳሳል፤ በእኔ አስተያየት ጥቂት ጠባሳ ያለበት ሙሉ ብረት ከሳሳ ብረት እጅግ ይሻላል።

ምላጩ ያለበት አካል በፍጹም አይፋቅ። ሰማያዊና ቡናማ የተዥጎረጎረ ቀለም ከቀረበት ብረቱ ሲጠነክር የመጣ ነውና አንዴ ከተፋቀ በቤት አይመለስም። በዘይት በራሰ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስብ ላይ ነው። በርሜሉን ደጅ፣ ከእሳት ርቃችሁ በአሴቶን ሁለት ጊዜ ጥረጉት፤ ከዚያ በኋላ ባዶ እጅ አይንካው፣ ንጹሕ የጥጥ ጓንት ይደረግ። አንድ የጣት አሻራ ብቻ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። የበርሜሉን ውስጥ በቀጭን ቫርኒሽ ቀብታችሁ ሲደርቅ ከሁለቱም ጫፍ ረዘም ያለ የእንጨት ውታፍ አጥብቃችሁ ምቱበት፤ እሱው መያዣ ይሆናችኋል። ውስጡን በዘይት አትቀቡ፤ ሲፈላ ዘይቱ ወጥቶ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ በርሜሉ ሲወጣም ይለጠፍበታል።

ማዝገያውን ፈሳሽ እኔ እልካለሁ። በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚቀመም ስለሆነ ቤት ውስጥ ለመቀመም አትሞክሩ። ጥጡን ነክራችሁ ሊደርቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጨምቁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጉዞ ቀቡ፣ በተቀባው ላይ አትመለሱ። ከበዛ ይንዠቀዠቅና መዳብ የመሰለ መስመር ይተዋል።

ቀጥሎ በርሜሉን ለብ ያለ ውኃ ሳሕን ባለበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ምንም ሳያስነካ አንጠልጥሉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሥራው ለዚያ ጊዜ ቢቆይ እመርጣለሁ፤ በበጋው ደረቅ አየር ዝገቱ ወጥ ሆኖ አይወጣም። ከሦስት ሰዓት በኋላ እያያችሁ ቀጭን ብርቱካናማ ዝገት እኩል ሲያለብሰው አውጡት። ሌሊቱን ሙሉ ከተረሳ ይወፍርና ብረቱን ይቦረቡራል። የአሲዱ ትነት ሌላውንም ብረት ስለሚያዝግ ሳጥኑ ከማረሻና ከመሣሪያ ይራቅ።

ማፍያውን ከጥቁር ላሜራ አሠሩ፤ ርዝመቱ ከበርሜሉና ከውታፎቹ በላይ ይሁን፣ ለ70 ሳንቲ ሜትር በርሜል አንድ ሜትር ያህል ይበቃል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ አይሆንም። ውኃው የዝናብ ውኃ ይሁን፤ ከጣራ የወረደ ሳይሆን ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ሳፋ የተጠራቀመ። የቧንቧ ውኃ ኖራና ክሎሪን ስላለው ነጠብጣብ ይጥላል። በፈላው ውኃ ውስጥ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ቆላ ላይ 15 ደቂቃ የሚበቃውን እናንተ 25 ደቂቃ አቆዩት። ሲወጣ ጥቀርሻ የለበሰ ይመስላል። በአሴቶን በታጠበ ባለ አራት ዜሮ (እጅግ ደቃቅ) የብረት ሱፍ ሳትጫኑ ጥረጉት፤ ጥቀርሻው ይለቃል፣ ከሥሩ ግራጫ ቀለም ይቀራል።

በመጀመሪያው ዙር ቀለሙ ፈዛዛ ቢሆን አይዘኑ። መቀባት፣ ማዛግ፣ ማፍላትና መጥረግ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ይደጋገማል፤ ከአራተኛው በኋላ መጥቆሩ በግልጽ ይታያል። አንድ ቦታ ገርጥቶ ከቀረ ስብ አለበት ማለት ነውና እሱን ብቻ በአሴቶን ጠርጋችሁ ቀጥሉ። ባለፈው ዙር የጠቆረው ተመልሶ ከለቀቀ ደግሞ ፈሳሹ በዝቷል ወይም የብረት ሱፉ ተጭኗል።

በመጨረሻ የቀረውን አሲድ ለመግደል ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውኃ አንድ ጊዜ አፍሉትና ገና ትኩስ ሳለ የሞተር ዘይት ቀቡት፤ እስከ ማግሥቱም አትንኩት። ከዚያ ውታፉን አውጥታችሁ የውስጡን ቫርኒሽ በአሴቶን አጽዱ። በቆዳ ማኅደር ውስጥ አታስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በወር አንዴ በዘይት ጨርቅ ይወልወል።

ደግሞ ስላማረ ተኩሱበት ማለት አይደለም። በድሮ ዘመን ከተሠሩት ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃዎች የብዙዎቹ የጥይት መግቢያ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ 70ውን ጥይት ቢጎርሱትም ሲተኮስ የጥይቱ ቀለህ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ስለሌለው ግፊቱ ከልክ ያልፋል። እኔ መጥቼ ሳልለካው ጥይት አይግባበት።

የበርሜሉን ርዝመት ለክቶ፣ የሥሩንም ማኅተም በስልክ ፎቶ አንሥቶ ታናሼ ይላክልኝ፤ ፈሳሹን የምልከው እሱን ካየሁ በኋላ ነው።

አክባሪ ልጅዎ